ለአረጋዊ መነሣትና ስለ አረጋዊ መሄድ



በአገራችን ለሽማግሌ መነሣት ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነገር ነው። አረጋዊ ወደ ቤት ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ በመንገድ ስናገኛቸው ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን፤ ጉልበት ስመን ምርቃት እንቀበላለን። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት፥ ከተነሣን በኋላ ወዴት እንሄዳለን? ስለሚለው ጥያቄ ነው። ምክንያቱም የእኛ አካባቢ አረጋውያን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጡት አክብሮትን አይደለም። የሚያጡት፥ ስም በሚመዘገብበት፥ ድጋፍ በሚደለደልበት፥ ጉዳይ በሚታይበት ቦታ ስለ እነርሱ ቆሞ የሚናገር ሰው ነው።

ሀ. የራሴ ጥፋት

ሌላውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ እማማ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ጥጥ እየፈተሉ ይተዳደሩ ነበር፤ ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን እንዝርቱን ሰቅለውታል። አንዱ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደ ሄደ ቀርቷል፤ ሌላዋ ባሕር ዳር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሐሙስ፥ ገበያው ደርቶ ሳለ፥ የጤና መድን መታወቂያ የሚታደስበት ጊዜ ሊያልቅ መሆኑ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰማሁ። ወደ ቤት ስመለስ በእማማ ደጅ አለፍሁ። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እጅ ነሣኋቸው፤ መረቁኝ፤ መንገዴን ቀጠልሁ። የሰማሁትን ግን አልነገርኋቸውም። ጆሯቸው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ገበያ መውጣት እንደ ተዉም አውቃለሁ። ክፉ ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም፤ ትዝ አላለኝም እንጂ።

በሐምሌ ታመሙ። ጎረቤት ደግፎ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳቸው መታወቂያው አልታደሰም ተባለ። ለመድኃኒት የነበረቻቸውን አንዲት በግ ሸጡ። ከተሻላቸው በኋላ ልጠይቃቸው ስገባ፥ «ለካ ቀኑ አልፎ ኖሯል፤ ማን ይንገረኝ ልጄ» አሉኝ። እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ ነገሩን መስማቴንም አያውቁም። ይህ «ማን ይንገረኝ» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ለእርሳቸው መነሣትን አውቅበት ነበር፤ ስለ እርሳቸው መሄድን ግን አላወቅሁበትም።

ለ. የተዘለሉት መበለቶች

ይህ ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፥ በኢየሩሳሌም ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ይታደል ነበር። ከእነርሱም መካከል ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች በዕደላው ይዘለሉ ጀመር። አስተውሉ፤ ያጉረመረሙት መበለቶቹ ናቸው ተብሎ አልተጻፈም፤ ወገኖቻቸው ናቸው ስለ እነርሱ የተናገሩት። ሐዋርያትም የተናገሩትን ሰዎች ዝም በሉ አላሉም፤ ችግሩንም በምክር ብቻ አላለፉትም። ሰባት ሰዎች በስም እንዲመረጡ አደረጉ፤ ሥራውም ባለቤት አገኘ። ከሰባቱ አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የተዘለለውን ሰው ያየ አለ። ሁለተኛ፥ ያየው ሰው ተናገረ። ሦስተኛ፥ ሥራው በስም ለታወቁ ሰዎች ተሰጠ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መበለቶቹ እንደ ተዘለሉ ይቀሩ ነበር። ስለ አረጋውያን ጥብቅና መቆም ማለትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ማየት፥ መናገር፥ ሥራውን ለሰው በስም መስጠት ነው።

ሐ. ሕጉና አሠራሩ ምን ይላል?

ስለ አረጋዊ የሚናገር ወጣት የሚናገረውን ማወቅ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፥ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመጦር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ ጧሪነት በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በሕግም የሚጠየቅ ነገር ነው።

ጡረታ ግን ለሁሉ የሚደርስ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ተካተቱ። መምህሩ ወይም ጸሐፊው 60 ዓመት ሲሞላው በየወሩ የሚቆረጥለት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው ገበሬ፥ ጠላ የሸጠችው እናት፥ የቀን ሥራ የሠራው አባት ግን እንዲህ ያለ ደመወዝ የላቸውም። የእነርሱ ጡረታ ልጅ፥ መሬትና ጎረቤት ነው። ልጁ ርቆ ከሄደና ጉልበት ከደከመ፥ የቀረው መሬትና ጎረቤት ብቻ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችለውን በልማት ሥራ እያሠራ ይከፍላል፤ መሥራት ለማይችሉ፥ ረዳት ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባለውን ይሰጣል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ነው። በእኛ ዞን እንደ ላይ ጋይንትና እብናት ያሉት በዚህ ይታወቃሉ። የእኛ ሜዳ ግን ሩዝ የሚታፈስበት፥ ትርፍ አምራች የሚባል ነው። ሜዳው ጠግቧል ሲባል በሜዳው ያለው ሁሉ የጠገበ ይመስላል። የራሱን ማሳ ማረም አቅቶት ለእኩል አራሽ የሰጠ አዛውንት፥ ከእኩሌታውም የሚደርሰው ያነሰው አዛውንት፥ በዚህ ሁሉ ሩዝ መካከል ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ በጠገበ አገር ያለ ድሃ ከሌላው ይልቅ ተናጋሪ ያስፈልገዋል።

መ. በእጃችን ያለው ነገር

ይሁን እንጂ በአካባቢያችን የምንጠቀምበት በር አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፥ ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፥ ተሁለደሬና ጎረቤታችን ፎገራ ነበሩ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መታወቂያም ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሲታመም በጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ከአቅም በላይ ሲሆንም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃዎች ደግሞ በነዋሪው ተለይተው መዋጮአቸው ከመንግሥት ይሸፈናል።

«በነዋሪው ተለይተው» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ድሃውን የሚለየው ስብሰባ ላይ የተገኘ ሰው ነው። አረጋዊቷ ግን ስብሰባ መውጣት አይችሉም፤ ቢወጡም ችግራቸውን በሕዝብ ፊት መናገር ያፍራሉ። ገመናቸውን ከሚገልጡ ተርበው ማደር የሚመርጡ እናቶች አሉ። ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ፥ «እገሌ የተባሉ እናት ጧሪ የላቸውም፤ ቤታቸውን አይተን ነው የምንናገረው» ቢል፥ ይህች አንዲት አረፍተ ነገር ከብዙ ጉልበት መሳም ትበልጣለች።

ሌላው የዐይን ነገር ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ በብርቱ ከጎዳቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ሲደጋገም የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይወጋል። ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ በመጨረሻም ይታወራሉ፤ «እርጅና ነው» ተብሎም ይተዋል። ነገሩ ግን እርጅና አይደለም። የተቀለበሰው ቆብ በሠለጠነ የጤና ባለሙያ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። በክልላችን የትራኮማ ሥራ በካርተር ማዕከል ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሲካሄድ፥ በዘመቻ የሚሰጠው ሕክምና ያለ ክፍያ ነው። የዐይን ሞራም ቢሆን በሆስፒታል ይገፈፋል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ፥ ቀኑን የሚነግርና እጅ ይዞ የሚወስድ ሰው ነው።

ሠ. እድርና ሰንበቴ

እድራችን የሚያስመሰግን ማኅበር ነው፤ ማንም ያለ ቀባሪ አይቀርም። ነገር ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ አባት 40 ዓመት የእድር ወርኃዊ ከፍለዋል፤ ለስንቱ ጎረቤት ድንኳን ተክለዋል፤ ለስንቱ ለቅሶ ደርሰዋል። ሲሞቱ ድንኳን እንተክልላቸዋለን። ጣሪያቸው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስባቸው ግን የት ነበርን? ከእድሩ ገንዘብ ጥቂቱ፥ ከወጣቱ ጉልበት አንድ ቅዳሜ፥ ከሰንበቴው ማዕድ አንድ ድርሻ ለሕያው አረጋዊ ቢሆን፥ እድሩ አይጎድልበትም። በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምትም ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ እንደ ታየው፥ ጎልማሳው ከብቱን እየነዳ ወደ ከፍታ ይወጣል፤ አረጋዊው ግን የሚያወጣው ሰው ይፈልጋል። ያን ዕለት ማን የማንን አረጋዊ እንደሚያወጣ ከውኃው በፊት መወሰን አለበት።

«እኛ ወጣቶች ምን አቅም አለን?» የሚል ቢኖር፥ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ይመልከት። በ2002 ዓ.ም. ቢንያም በለጠ የተባለ ወጣት በአዲስ አበባ በወላጆቹ ቤት ጥቂት ሰዎችን በማስጠጋት ጀመረው፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይረዱበታል። እኛ እንዲህ ያለ ማዕከል እንድንሠራ አልጠየቅሁም። ማዕከል ማንም ለሌለው ሰው ነው። የእኛ አረጋውያን ግን የሚወዱት የራሳቸውን ደጃፍ፥ ደብራቸውንና የእድራቸውን ጎረቤት ነው። በዚያው እንዲኖሩ መርዳት ከሁሉ ይበልጣል።

ረ. ምን እናድርግ?

1. በየሰፈራችን ብቻቸውን ወይም ከሕፃን የልጅ ልጅ ጋር የሚኖሩትን አረጋውያን እንወቅ። በአንድ ደብተር ላይ የጤና መድን መታወቂያቸው የሚታደስበትን ጊዜ፥ ውኃና እንጨት የሚያመጣላቸውን ሰው፥ የዐይናቸውንና የጣሪያቸውን ሁኔታ እንጻፍ። ደብተሩ ለወሬ አይውጣ፤ የሰው ገመና ነው።

2. ለእያንዳንዱ አረጋዊ ሁለት ወጣቶች በስም ይመደቡ። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። ሐሙስ በገበያ የሚነገረውን ማስታወቂያ በዚያው ዕለት ማታ ያድርሱ።

3. በቀበሌ ስብሰባ ከመናገራችን በፊት ባለቤቱን እናስፈቅድ። አረጋዊ ስለ ራሱ የሚወስን ሰው ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። መናገር የሚችል ከሆነ ይዘነው እንሂድ፤ እኛ ከጎኑ እንቁም።

4. መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ ካሉ፥ ውሉ በጽሑፍና በምስክር ፊት እንዲሆን እንርዳቸው። ማንበብ ለማይችሉትም ከመፈረማቸው በፊት ቃል በቃል እናንብብላቸው።

5. ከሰኔ በፊት አንድ የደቦ ቀን ወስነን ጣሪያ እንጠግን፤ የውኃ መውረጃ ቦይ እንቅደድ።

6. ርቀው ለሄዱ ልጆች ስልክ እንደውል። ለመውቀስ ሳይሆን፥ «እናትህ እንዲህ ናቸው፤ ድምፅህን ይፈልጋሉ» ለማለት ይሁን።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በየዓመቱ ኦክቶበር 1 እንዲከበር ወስኗል። ይህ ቀን በአብዛኛው መስከረም 21፥ የግሸን ማርያም ዕለት ይውላል። ክረምቱ አልፎ መንገዱ የሚደርቅበት ጊዜ ነውና፥ ደብተራችንን ገልጠን ማን እንደ ተረሳ የምናይበት ዕለት ይሁንልን።

እማማ ዘንድሮ መታወቂያቸው ታድሷል። ቀኑን የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ እጃቸውንም ይዤ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ቀድሞ እንደሚመርቁኝ መረቁኝ። ምርቃቱ ያው ነበር፤ እኔ ግን ያን ዕለት ስቀበለው አላፈርሁም።

የመወያያ ጥያቄዎች

— በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶቹ እንዲዘለሉ ያደረገው ምን ይመስላችኋል? በእኛ ሰፈርስ ሰውን የሚያስዘልለው ምንድን ነው?

— ስለ አንድ ሰው ችግር መናገርና ገመናውን ማውጣት በምን ይለያያሉ?

— ባለፈው ሳምንት የሰማችሁት፥ ለአንድ አረጋዊ ግን ያልነገራችሁት ነገር አለን? ካለ፥ ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት በደጃቸው እለፉ።