ባርነት በአገራችን በሕግ የተከለከለው መቼ ነው?

በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ አዋጅ እንማራለን። ምክንያቱም በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲጫወቱ ሲናደዱ «አንተ ባሪያ!» የሚባባሉ ልጆች አሉ። ቃሉ ምን ማለት እንደነበር ቢያውቁ እንዲህ በቀላሉ የሚሉት አይመስለኝም።

ባሪያ ማለት እንደ ዕቃ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፣ ልጁም የጌታው ንብረት ይሆናል። በአገራችን ብዙዎቹ በጦርነት የተማረኩ ወይም ተሰርቀው የተሸጡ ነበሩ፣ ሕፃናትም ጭምር። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ምኒልክም የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር። ግን መኳንንቱም ነጋዴውም ስለሚጠቀሙበት አልቆመም።

በኋላ ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን ጠየቁ። አንዳንድ አገሮች ባርነት አለባት ብለው ተቃወሙ። ኢትዮጵያም ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. አባል ሆነች። (ቀኑን አያችሁት? የመስቀል ዕለት ነው!) በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ነፃ አላወጣም። ከዚያ በኋላ የሚወለዱ ልጆች ነፃ ሆኑ፣ የሌሎቹ ነፃነት ግን ከጌታቸው ሞት ጋር የተያያዘ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ነፃ ለመውጣት ሰው እስኪሞት መጠበቅ!

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ስትወረን ይህንኑ ባርነት ሰበብ አደረገችው። ነፃ አወጣለሁ እያለች ሕዝቡን በመርዝ ጋዝ ፈጀችው። ከደምበል ብዙ የማይርቀው ካዛንቺስ እንኳን ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። «ነፃ አውጪዎቹ» ቤት የሠሩት ለራሳቸው ነው ማለት ነው።

ከድል በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 22 ወጣ። በዚህ ጊዜ የማንም ሞት አይጠበቅም፣ ባርነት በቃ ተሻረ።

አሜሪካ ውስጥ ሰሜኑና ደቡቡ ተዋግተው ሰሜኑ ሲያሸንፍ፣ 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ከለከለ። ይህ በእኛ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ነው፣ ከእኛ አዋጅ 77 ዓመት ገደማ ይቀድማል። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ 14ኛው ማሻሻያ እዚያ የተወለደ ሰው ዜጋ ነው አለ። ዲቪ ደርሷቸው የሄዱ ዘመዶቻችን እዚያ የሚወልዷቸው ልጆች አሜሪካዊ የሚሆኑት በዚሁ ነው። ለጥቁሮቹ ባሮች ተብሎ የወጣ ሕግ እስከ እኛ ሰፈር ልጆች ደረሰ። በእኛ አገር ግን ዜግነት የሚገኘው ከእናት ወይም ከአባት ነው።

ሁለቱን አገሮች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ነፃ የወጡት ሰዎች «ነፃ ናችሁ» ተባሉ እንጂ አብዛኞቹ መሬት አላገኙም። የሚበሉት ስላጡ ብዙዎቹ ተመልሰው እዚያው ለጌቶቻቸው ሠሩ። እኔ ከሁሉም የከነከነኝ ይሄ ነው።

ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ሊያዝ አይችልም። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በጋሞ ደጋ፣ ቅድመ አያቶቻቸው ባሪያ ነበሩ የሚባሉ ሰዎችን አናገባም የሚሉ እስካሁን አሉ። ሰውየው ራሱ ተሸጦም ተገዝቶም አያውቅም፣ ስሙ ብቻ ነው የተላለፈለት።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ በሰው መነገድን የሚከለክለው የአንቀጽ 18 ንዑስ አንቀጽ ስንተኛው ነው? መልሳችሁን ስምና ክፍላችሁን ጽፋችሁ እስከ ዓርብ በክበባችን ሳጥን አስገቡ።