ስለ እርሻና ስለ መረዳዳት

ልጆች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ የሚኖር ልጅ እንጀራን በየዕለቱ ይበላል። ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ ግን «ከገበያ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጎደሎ ነው። የጎደለውን ታውቁ ዘንድ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፥ ጤፍ በሚታጨድበት ወራት፥ ከመምህራችሁ ጋር ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ሄዳችሁ እርሻውን ተመልከቱ።

በዚያ አገር ያለው ገበሬ አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነውና አስቀድማችሁ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ በቋንቋው ሰላምታ ስጡት። እንግዳ የባለቤቱን ክብር ሊጠብቅ ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ የደከሙትን እጆች ቍጠሩ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ታናሽ ስለ ሆነች መሬቱ ደጋግሞ ሊታረስላት ያስፈልጋል፤ ቡቃያዋም ደካማ ነውና አረም ይጎዳታል። አዝመራው ሲደርስም ዝናብ ሳያገኘው ቶሎ መታጨድ አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ባለ እርሻው ጎረቤቶቹን በደቦ ይጠራል፤ የመጡትንም ያበላል፥ ያጠጣል። በወንፈል ግን ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ሄዶ ይረዳል፤ የጉልበት ብድር በጉልበት ይከፈላል። አንድ በሬ ብቻ ያለውም እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጋር በመቀናጆ ያርሳል።

ማረሻውንም አስተውሉ። ሞፈሩና ቀንበሩ እንጨት ነው፤ መሬቱን የሚሰነጥቀው ግን ብረት ነው። ብረቱን ማን ሠራው? ቀጥቃጩ ነው። ምጣዱንስ? ሸክላ ሠሪዋ ናት። በአገራችን ብዙ ሰው እነዚህን ባለ እጆች ለረጅም ዘመን ሲንቅና ሲሰድብ ኖሯል፤ በማረሻቸው እያረሰ፥ በምጣዳቸው እየጋገረ፥ ከእነርሱ ጋር መብላትን ይጸየፍ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ነገር ግን አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አያቀናም፤ ልብ የሚቀናው ከሕፃንነት በሚጀምር ትምህርት ነው።

እንግዲህ ከእርሻው ስትመለሱ፥ አንድ እንጀራ ከገበታችሁ ይደርስ ዘንድ የደከሙትን ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ፤ አራሹን፥ አራሚውን፥ አጫጁን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ባለ ወፍጮውን፥ የጋገረችውንም እናት። ከዚያም ከእነርሱ አንዱን ሰርዙና እንጀራው ከእናንተ ይደርስ እንደ ሆነ መርምሩ። ይህን የመረመረ ልጅ ባለ እጅን ለመስደብ ምላሱ አይታዘዝለትም።