ከድኒፐር እስከ ኡሱሪ፦ የዩክሬናውያን ሰፈራ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅና የሕዝብ ቆጠራ አኃዞች ንባብ

መግቢያ

ስለ ዩክሬናውያን ስደት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታወሱት ካናዳና አሜሪካ ናቸው። ይሁን እንጂ ከ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ብዙ የዩክሬን ገበሬዎች በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ተጉዘው በአሙርና በኡሱሪ ወንዞች አካባቢ ሰፍረዋል። ይህ ምድር በዩክሬንኛ «ዜሌኒ ክሊን»፣ ማለትም «አረንጓዴው ሽብልቅ»፣ ይባላል። በ1926 በተደረገው የሶቪየት ሕዝብ ቆጠራ በሩቅ ምሥራቅ ክፍለ ግዛት 315,203 ዩክሬናውያን ተመዝግበዋል። በ2010 ቆጠራ ግን ዋነኛው የሰፈራ አካባቢ በነበረው በፕሪሞርዬ ዩክሬናዊ ነኝ ያለው ሰው 50 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለውን ርቀት መመርመር ነው። የጽሑፉ መከራከሪያም የሚከተለው ነው፤ ቁጥሩ የቀነሰው ሕዝቡ ስለ ጠፋ ወይም ስለ ሄደ ብቻ አይደለም። ማኅበረሰቡን ያቆየው ተቋም መንደሩ ነበር፤ ከመንደሩ ውጭ ቋንቋውን የሚሸከም ሌላ ተቋም እንዳይጸና ሲደረግ የሰፋሪዎቹ ልጆች በዚያው ምድር እየኖሩ ስማቸውን ለወጡ።

መሬቱና መንገዱ

ሩሲያ የአሙርን ግራ ዳርቻና የኡሱሪን አካባቢ የያዘችው በ1858 በአይጉን፣ በ1860 ደግሞ በፔኪንግ ከቻይና ጋር ባደረገቻቸው ውሎች ነው። ምድሩ ሰው አልባ አልነበረም። ናናይና ኡዴጌ የተባሉ ነባር ሕዝቦች በአደንና በዓሣ ማስገር ይኖሩበት ነበር፤ ቻይናውያንም ነበሩበት። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግን አዲሱን ድንበር በራሱ ገበሬዎች ማስያዝ ስለ ፈለገ በ1861 ባወጣው ደንብ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 100 ዴስያቲና፣ ማለትም 109 ሄክታር ያህል፣ መሬት እንዲሰጥ ፈቀደ።

በዚያው ዓመት በታወጀው አዋጅ ከባላባት ይዞታ ነጻ የወጣው የቼርኒሂቭ፣ የፖልታቫና የኪየቭ ገበሬ የደረሰው መሬት ጠባብ ነበር፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እየተሸነሸነ ሄደ። ስለዚህ የ100 ዴስያቲና ወሬ ብርቱ መስሕብ ነበረው። ችግሩ መንገዱ ነበር፤ ሳይቤሪያን በጋሪ ማቋረጥ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር።

ይህን የለወጠው የ1882ቱ ሕግ ነው። ሕጉ ለሦስት ዓመታት፣ በየዓመቱ 250 ቤተሰቦች በመንግሥት ወጪ በባሕር ወደ ደቡብ ኡሱሪ እንዲጓጓዙ ወሰነ። የመጀመሪያዎቹ መርከቦች በ1883 ከኦዴሳ ተነሥተው በስዌዝ ቦይና በቀይ ባሕር፣ ከምፅዋ ባሻገር አልፈው፣ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ቭላዲቮስቶክ ደረሱ። በኋላ የመጡት በአብዛኛው የጉዞውን ወጪ ራሳቸው የሚሸፍኑ ነበሩ። የሰፈራውን መሥሪያ ቤት የመራው ፊዮዶር ቡሴ ስለዚህ የባሕር ፍልሰት በ1896 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ መሠረታዊ ምንጭ ነው።

መንደሩ እንደ ተቋም

የባሕሩ ጉዞ ውጤት ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች ተያይዘው ተሳፈሩ፤ ተያይዘውም ሰፈሩ። በ1886 የተመሠረተችው ቼርኒጎቭካ ስሟን የወሰደችው ከሰፋሪዎቹ አገር ነው፤ የፖልታቭካና የኪየቭካ ስሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በአገራቸው ልማድ የጭቃ ግድግዳውን በኖራ ነጭ ቀብተው ቤት ሠሩ፤ በዩክሬንኛ አወሩ፣ ተጋቡ፣ ለቀስተኛም ሆኑ። ዩክሬንኛ በትምህርት ቤት ስለማይሰጥ ቋንቋውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈው ይኸው የመንደር ኑሮ ነበር።

የእርሻ ዕውቀታቸው ግን እንደ ቋንቋቸው አልዘለቀም። የኡሱሪ በጋ በሞንሱን ዝናብ የራሰ ነው። በዚህ እርጥበት ስንዴው በፈንገስ ይመታ ነበር፤ ከእርሱ የተጋገረው ዳቦ እንክርዳድ እንደ ተቀላቀለበት እህል ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል። «የሰከረ ዳቦ» የተባለውን ይህን ችግር በ1890 አካባቢ ያጠናው የሥነ ዕፅዋት ሊቁ ሚኻይል ቮሮኒን ነው። ከድንበር ማዶ የመጡት የኮሪያ ገበሬዎች በአንጻሩ ውኃው እንዲወርድ በመደብ ላይ ይዘሩ ነበር። ብዙ ባለ 100 ዴስያቲናዎች መሬታቸውን ለኮሪያውያን አከራይተው ይኖሩ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም፤ የሰፋሪው ብልጽግና በከፊል የቆመው መብቱ ባልተረጋገጠለት ሌላ ገበሬ ጉልበት ላይ ነበር።

ከ1901 መባቻ ጀምሮ ድርሻው ለአንድ ወንድ ነፍስ 15 ዴስያቲና ሆነ። የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ ከ1906 በኋላም የስቶሊፒን የመሬት ማሻሻያ ፍልሰቱን ሲያበረታታ፣ የሰፋሪው ቁጥር ናረ። በነባሩ ባለ 100 ዴስያቲናና በአዲሱ ሰፋሪ መካከል የኑሮ ልዩነት ተፈጠረ። ሁለቱም ወገኖች ግን በአብዛኛው ከዚያው ከዩክሬን ጠቅላይ ግዛቶች የመጡ ስለሆኑ የመንደሩ ቋንቋ በአዳዲስ ተናጋሪዎች ታደሰ።

ከመንደር ወደ ጋዜጣና ትምህርት ቤት

ከ1917 አብዮት በኋላ ማኅበረሰቡ ከመንደር በላይ የሆነ ተቋም ለመገንባት ሞከረ። በዚያው ዓመት በቭላዲቮስቶክ የዩክሬንኛ ጋዜጣ ታተመ፤ በሰኔ ወርም በኒኮልስክ ኡሱሪይስክ የመጀመሪያው የሩቅ ምሥራቅ ዩክሬናውያን ጉባኤ ተካሄደ። ቦልሼቪኮች አካባቢውን ከያዙ በኋላ ግን የእንቅስቃሴው መሪዎች በ1924 በቺታ ከተማ ለፍርድ ቀረቡ።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ከራሱ ከሶቪየት መንግሥት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዩክሬናውያን ወረዳዎች የአስተዳደርና የትምህርት ቋንቋ ዩክሬንኛ እንዲሆን ተወሰነ፤ በስፓስክም የዩክሬንኛ መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሥራው ገና ሥር ሳይሰድ በታኅሣሥ 1932 ከሞስኮ በወጣ ትእዛዝ ተቋረጠ፤ ትምህርት ቤቶቹና ጋዜጦቹ ወደ ሩሲያኛ ተዛወሩ። በዚያው ዘመን የጋራ እርሻ ዘመቻው የቀድሞውን መንደር ሥርዓት ስላናጋው ማኅበረሰቡ ነባሩን ተቋምና አዲሱን በአንድ ጊዜ አጣ።

አኃዞቹን እንዴት እናንብብ?

የ1897ቱ ቆጠራ የጠየቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋን ነው፤ በዚህ መለኪያ በፕሪሞርዬ 33 ሺህ፣ በአሙር 21 ሺህ ያህል ዩክሬንኛ ተናጋሪዎች ተገኙ። የ1926ቱ ቆጠራ ብሔርንና ቋንቋን ለይቶ ጠየቀ፤ የሸፈነው ክፍለ ግዛትም ከዛሬው ፕሪሞርዬ እጅግ የሰፋ ነው። ስለዚህ በመግቢያው የተጠቀሱትን ሁለት አኃዞች በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም።

የሚሻለው በአንድ ወሰን ውስጥ ማየት ነው። በፕሪሞርዬ የዩክሬናውያን ቁጥር በ1989 ወደ 185 ሺህ፣ በ2002 ወደ 94 ሺህ፣ በ2010 ደግሞ 50 ሺህ ያህል ነበር። በ21 ዓመት ውስጥ ከመቶ 73 ያህሉ ቀንሷል ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የክልሉ ጠቅላላ ሕዝብ ከ2.26 ሚሊዮን ወደ 1.96 ሚሊዮን ወርዷል፤ ይህም ከመቶ 13 ያህል ነው። ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ወደ ዩክሬን የተመለሱ መኖራቸው እሙን ነው፤ ሁለቱን ቅናሾች ያራራቀው ግን መመለስ ብቻ ነው ለማለት ያዳግታል። ትልቁ ድርሻ ሩሲያዊ ነኝ ብሎ የተመዘገበው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ለተመራማሪው ሁለት ጥንቃቄዎች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በ1989 የተቆጠሩት ሁሉ የመርከቡ ዘመን ሰፋሪዎች ዘሮች አይደሉም፤ በሶቪየት ዘመን ለሥራና ለውትድርና የመጡ ብዙዎች አሉባቸው። በአንጻሩ የቀደምቶቹ የልጅ ልጆች በሩሲያውያን ዓምድ ሥር ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ የጥናቱ መነሻ የክልል ድምር ሳይሆን መንደሩ ቢሆን ይመረጣል፤ የሰፈራ መሥሪያ ቤቱን መዝገቦች፣ የመንደር ስሞችንና የቤተሰብ ስሞችን አገናዝቦ የሚያነብ ሰው የቆጠራ ሠንጠረዥ የማያሳየውን ቀጣይነት ሊያገኝ ይችላል። ቼርኒጎቭካ ዛሬም በዚያው ስሟ ትጠራለች፤ ነዋሪዎቿ በየቆጠራው ራሳቸውን ምን ብለው እንዳስመዘገቡና ለምን እንደዚያ እንዳሉ መጠየቅ የሚቀጥለው ጥናት ድርሻ ነው።