ማዕበልና ጎርፍ
(ሐዋ. 11፥1-3፣ 27-30 ይነበብ)

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ አጠገብ ከባሕር በታች የሆነው የምድር መናወጥ ያስነሣው ማዕበል ከ220,000 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። እስከ ጎረቤታችን ሶማልያ፣ እስከ ሐፉን ድረስ ደርሶ የዓሣ አጥማጆችን ቤት ጠረገ። ሕዝብ ሁሉ ደነገጠ፤ ሰጠም። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር፣ ለዚህ የሚበቃንን አግኝተናልና የቀረውን ለሌላ ችግረኛ ስጡ ብሎ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ቅንነት ዘወትር አይገኝም።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ቶንፒንግ፣ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢ ሸሹ። ዝናሙም በመጣ ጊዜ ድንኳኖቻቸውን ጎርፍ ገባባቸው። የዓለም ልብ ግን እንደ ማዕበሉ ጊዜ አልተናወጠም። መከራውን ሰው በሰው ላይ ሲያመጣው፣ ከመስጠታችን በፊት «ጥፋቱ የማን ነው?» እንላለንና።

በይሁዳ ከነበሩት አማኞች አንዳንዶቹ ከአሕዛብ ጋር መብላትን ይነቅፉ ነበር። ከአሕዛብ ያመኑ ያሉባት አንጾኪያ ግን ይህን አልቈጠረችባቸውም። ራቡ እንደሚመጣ በሰሙ ጊዜ እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጣ፤ በበርናባስና በሳውል እጅም ወደ ሽማግሌዎቹ ላኩት።