ለድውያን ሕፃናት የተለየ የመጫወቻ ሥፍራ ይገባልን?

አንባቢ ሆይ፤ ጽኑ ሕመም ላለባቸውና አካላቸው ለተጎዳ ሕፃናት ብቻ የመጫወቻ ሥፍራ ለይቶ መሥራት ቅን ፍርድ ነውን? አንዱ፦ «ጤነኛው ልጅ ምን በድሎ ከደጅ ይመለሳል?» ይላል። ሁለተኛውም፦ «ድውዩን ከባልንጀሮቹ መለየት በሕመሙ ላይ ኀዘን መጨመር ነው» ይላል። ለፊተኛው መልሱ አጭር ነው፤ ሜዳው፥ መንገዱ፥ ወንዙም ሁሉ የጤነኛው ልጅ ነውና አንድ አጥር ቢቀርበት አልተበደለም። የሁለተኛው ነገር ግን ምርመራ ይፈልጋል፤ መለየቱ ለማን ጥቅም እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባልና።

በማርቆስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ ጌታችን ጆሮው የማይሰማውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው እንደ ወሰደው ተጽፎአል። የወሰደውም ሕዝቡ እርሱን ከማየት እንዲያርፍ አይደለም፤ ሰውዬውን ሊፈውሰው ነው እንጂ። ንጉሥ ዳዊት ደግሞ ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ባስጠራው ጊዜ ሌላ ማዕድ አላዘጋጀለትም፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር በአንድ ገበታ አስቀመጠው።

በአሜሪካ አገር፥ በኮኔቲከት ግዛት፥ ፖል ኒውማን የሚባል ስመ ጥሩ ተዋናይ በ1988 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽኑ ሕመም ላለባቸው ልጆች የዕረፍት ሰፈር አቆመ። ልጆቹ ገንዘብ አይከፍሉም፤ ሐኪሞችም ከአጠገባቸው አይርቁም። ይህ መለየት ምክንያት አለው። የደም ነቀርሳ የያዘው ልጅ መድኃኒቱን ሲወስድ ሰውነቱ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ይደክማል፤ በጤነኛው ላይ ቀሎ የሚያልፈው ጉድፍ እርሱን ሊገድለው ይችላል። ደግሞም ፀጉሩ የረገፈ ልጅ እንደ እርሱ ካሉት ጋር ሲውል አፍጥጦ የሚያየው የለም።

ነገር ግን ሽባ እግር በማንም ላይ አይጋባም። በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ ከተማ ጎርደን ሃርትማን የሚባል ሰው አካሏ የተጎዳ ልጁን አስቦ በ2010 ሰፊ የመጫወቻ ሥፍራ ከፈተ፤ ስሙም ሞርጋንስ ወንደርላንድ ነው። አካሉ የተጎዳ ያለ ክፍያ ይገባል፤ ጤነኛውም ከፍሎ ይገባል። ባለ መንኰራኵር ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ከወንበሩ ሳይወርድ የሚወዛወዝበት ዥዋዥዌ አለ። ሕመም ካልከለከለ በቀር እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ወንድሜ ሆይ፤ ወደ እኛም ቤት እንመለስ። እንግዳ በመጣ ጊዜ አካሉ የተጎዳውን ልጅ ወደ ጓዳ የሚያስገቡ ቤቶች አሉ፤ እርግማን ነው ብለው ያፍራሉና። ያም ጓዳ የተለየ ሥፍራ ነው፤ ነገር ግን የተለየው ለልጁ አይደለም፤ ለወላጆቹ ስም ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ ነገራቸውን አልተቀበለም። የምድር ሕግም ቢሆን ከልጁ ጋር ነው፤ አካለ ጉዳተኞች ሕፃናት ከሌሎች ሕፃናት እኩል እንዲጫወቱ የሚያዝዘውን የ2006ን የዓለም መንግሥታት ስምምነት አገራችን ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብላዋለች።

በሰፈርህ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ታውቅ ይሆናል። ወደ እናቱ ሄደህ በትሕትና ሰላምታ ስጥ፤ ምን እንደሚያደክመውና ከምን መጠበቅ እንዳለበት ከእርስዋ ስማ። ልጆችህ ጉንፋን ይዞአቸው እንደ ሆነ ቀኑን አስተላልፍ። ጤነኞች ከሆኑ ግን ገበጣ አስይዘህ ውሰዳቸው፤ መጀመሪያም እርሱ ይጫወት።