ስንኜን ቡታጅራ ወስዶ ቀየረብኝ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከወልቂጤ ነው። እኔና ጓደኛዬ አብረን ዘፈን መሥራት የጀመርነው ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ነው፤ ከጀመርን ዘንድሮ 16 ዓመት ሞላን። ግጥሙን እኔ እጽፋለሁ፣ ዜማውን አብረን እናወጣለን፣ ኪቦርዱና ቅንብሩ የእሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሥራ አግኝቶ ቡታጅራ ገባ፤ ትዳርም እዚያው ያዘ። ከዚያ ወዲህ የምንሠራው በቴሌግራም ነው። እኔ በስልኬ አንጎራጉሬ እልካለሁ፣ እሱ ኪቦርድና ከበሮ አስገብቶ ይመልስልኛል፣ እኔ በላዩ ላይ ድምፄን እቀዳለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን የላክሁለትን ያዳምጥና ሁለት ቀን ዝም ይላል፤ ከዚያ አንዲት አውራ ጣት ትመጣልኛለች። ባለፈው ወር ደግሞ ዘፈናችንን ሰርግ ላይ ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ ደረሰኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ የእኔን ቃል አውጥቶ የመስቃን ቃል ተክቶበታል! ስጠይቀው «እዚህ ያለ ሰው ያንተን ቃል አያውቀውም» አለኝ። እኔ ቸሃ ነኝ፤ ቃሉ የእናቴ ቃል ነው። ሰርገኛውም «የእሱ ዘፈን» እያለ ነው አሉ። ኮምፒውተር ገዝቼ ብቻዬን ልሥራ ወይስ እንደ ድሮው ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉ አቃጥሎሃል፤ መጀመሪያ ያነሳኸው ግን ዝምታውን ነው። እኔም ከእሱ ልጀምር።

አንድ ክፍል ውስጥ ስትሠሩ ስንኙ ካልጣመው ፊቱ ላይ ታይበት ነበር። ጣቱን ከኪቦርዱ ያነሳል፣ አንተ ሳትጠየቅ ቃሉን ትለውጣለህ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «አልወደድኩትም» የሚል ቃል በመካከላችሁ ወጥቶ ላያውቅ ይችላል። ምን ሲደረግ! ዛሬ ግን መሀላችሁ የጉራጌ ተራራ ተጋድሟል። ፊቱ የሚናገረውን አፉ እንዲናገር ግድ ሆነ፤ ልጁ ደግሞ ያንን አልለመደም። ሁለት ቀን ዝም የሚለው ንቆህ አይመስለኝም። እንዴት እንደሚነግርህ ሲያወጣ ሲያወርድ ይሰነብትና ሲታክተው አውራ ጣቷን ይልካታል። በስንት ሰዓት እንደምትልክለት አልነገርከኝም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሆነ ግን ባለትዳር መሆኑን አትርሳ።

ስለዚህ ፋይሉን ከላክህ በኋላ ደውልለት። «እንዴት ነው?» አትበለው፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ይገላገልሃል። «የቱ ጋ ሰለቸህ?» በለው። ለዚህ ጥያቄ አውራ ጣት መልስ አትሆንም።

በስልክ እየተያያችሁ አብራችሁ ለመጫወት ግን አትድከሙ። ድምፅ በአየር ላይ አሥር ሜትር ለመሄድ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የስልክ ኢንተርኔት ላይ መዘግየቱ ከዚያ ይበልጣል፤ ደግሞም አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። የጉራጌ ጭብጨባ ይህን አይችልም፤ ትንሽ ከተንገዳገደ ጨዋታው ፈረሰ። መቅዳቱን ለየብቻ አድርጉት። ከመጀመሪያው በአንድ ክሊክ (በምት መቁጠሪያው) ተስማሙ፤ ሁለታችሁም በ48 ኪሎኸርዝ ቅዱ። አንዱ በ44.1 ቀድቶ ሌላው በ48 ከከፈተው ድምፅህ ቀጥኖና ፈጥኖ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ማን አበላሸው ስትባባሉ ታመሻላችሁ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገህ አትላክ፣ ይጨመቃል፤ ዋቭ ቀድተህ በፋይልነት ላከው። ዘመድ ቤት የሣር ጎጆ ካለ ደግሞ እዚያ ቅዳ። ሣሩ ማስተጋባቱን ይውጠዋል፤ በክረምት ከቆርቆሮ ሥር መቅዳት ዝናቡን ማዘፈን ነው።

ብቻህን መሥራት ትችላለህ ወይ? ትችላለህ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1981 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ብቻውን ቀረጸ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ስሙን ብዙ አገር አደረሰው። ግን ያ ሥራ በአመዛኙ የመሣሪያ ዜማ ነው። የእናንተ ዘፈን አውጪና ተቀባይ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ያዘዝከውን ሁሉ ይቀበልሃል፤ ሦስተኛው ስንኝ አይሰማም ብሎ ግን አይከራከርህም። ከፈለግህ ግዛ። እሱን ለመቅጣት ብለህ ከሆነ ግን ብሩን እቁብህ ላይ ጣለው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ሳይጠይቅህ መለወጡ ጥፋት ነው፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። የተናገረው ግን ውሸት አይደለም። ቸሃኛና መስቃንኛ ምን ያህል እንደሚራራቁ አንተው ታውቀዋለህ፤ ተናጋሪዎቻቸው ገበያ ላይ ሲገናኙ ስንቱ ነው በአማርኛ የሚገበያየው? ሰርገኛ ደግሞ ቆሞ ትርጉም አይጠይቅም፤ ካልገባው ጭብጨባው ይቀዘቅዛል። ሰርግ ላይ ለወልቂጤ አንድ፣ ለቡታጅራ አንድ አድርጋችሁ ብትጫወቱት ምን ነውር አለው? የሚቀረጸውና የሚለቀቀው ላይ ግን የእናትህ ቃል ይቀመጥ፤ ይህን በግልጽ ንገረው።

«የእሱ ዘፈን» ለሚለው ወሬ መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ግጥም የአንተ፣ ዜማ የሁለታችሁ፣ ቅንብር የእሱ ብላችሁ በእያንዳንዱ ዘፈን ስም ጽፋችሁ ፈርሙ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በስልክህ እያንጎራጎርክ የላክኸው ሁሉ ማስረጃህ ስለሆነ ስልክህ ሞላ ብለህ እንዳታጠፋው። ይህን የምነግርህ እንድትከሰው አይደለም። የየጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎችን የሚያስቀምጥ ነገርም አይደለም፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ክትፎ ይጨርሰዋል።

ለመስቀል ወደ ቤተሰቡ ወልቂጤ መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያውን ቀን ዘፈን አታንሳበት፤ ሚስቱን ተዋወቃት፣ ብሉ፣ ጠጡ። በማግስቱ ኪቦርዱን አምጡና ያን ዘፈን በሁለቱም ቃል ተጫወቱት።

በነገራችን ላይ፣ የአንተንም የእሱንም ቃል በደብዳቤህ ውስጥ አልጻፍክልኝም። ሁለቱንም ላክልኝ እስቲ። ምናልባት ለጭብጨባው የእሱ ይሻል እንደሆነ።