በጨው መካከል ስኳር እንዴት ይለካል?

አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። የሟሟው ስኳር ግን ኢምንት ነው። ጨዉ ማስ ስፔክትሮሜትሩን ያውካል፤ ጨዉን እናስወግድ ቢሉ ደግሞ ስኳሩም አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ ምን ተሻለ? በጀርመን አገር በብሬመን ማክስ ፕላንክ ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዘዴ ጨዉን አይነካም። ናሙናው ደህና አድርጎ ይደርቃል (ውኃ ከቀረ ኬሚካሉን ያበላሸዋል)። ከዚያ ስኳሩ ሲሊከን ያለው ኬሚካል ይለብስና በሙቀት ይተናል፤ ጨዉ አይተንም። መሣሪያው የተነነውን ሰባብሮ ስብርባሪውን በክብደቱ ይለያል።

በ2022 እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን የባሕር ሣር ሥር፣ በአሸዋው ውኃ ውስጥ፣ ሱክሮስ (ያው የሻይ ስኳራችን እኮ ነው!) ቀድሞ በባሕር ከታወቀው ቢያንስ 80 እጥፍ በልጦ ተገኘ። ባክቴሪያዎች ለምን አልጨረሱትም? ሣሩ የሚያመነጫቸው የፌኖል ውሁዶች አብዛኞቹን ስለሚያግዱ ነው። ሣሩ ከጠፋ ግን ስኳሩ ተበልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላል።